አጥር ላይ የተሰጣ አጎዛ

ነርሷ የልጄን ሽንት በብልቃጥ ይዛ ስታልፍ ሽታው ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ሳጉሬ መለሰኝ።

ያኔ ትኩሳት ይዞኝ፣ ሽንት ሲያቃጥለኝ፣ የምተኛበት አጎዛ ርሶ ያድር ነበር። አክስቴ በገበያ ቀን አጎዛውን መንገድ ዳር አጥሩ ላይ ታሰጣውና እኔን ከሥሩ ታቆመኛለች።

«እትዬ፣ ጎኔን ያመኛል» ስላት፣

«ስንፍና ነው የሚያምሽ! አላፊ አግዳሚው ይይሽና ትተዪዋለሽ» ትለኛለች። ገበያተኛው እየሳቀብኝ ያልፋል። አንገቴን እደፋለሁ።

አሁን አሰላ፣ ሐኪሙ ፊት ተቀምጫለሁ።

«ሽንቷ ወደ ኩላሊቷ እየተመለሰ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ» አለኝ። «በቤተሰብ ካለ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። እርስዎስ በልጅነትዎ እንዲህ ያምዎት ነበር?»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ይሳሳቃሉ። ፊቴ ጋለ።

«ዶክተር፣ መጀመሪያ በሩን ልዝጋው» ብዬ ተነሣሁ።