ቤቱን ለአባቴ ያስጌጥኩበት ክረምት

ባለፈው ጥር አንዲት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ልጇን ወላይታ ሶዶ ውስጥ አዲስ በተከፈተ ሆቴል ዳረች። የደረሰኝ ወንበር ከግድግዳ ሥር ነበር። ግድግዳው ላይ ጋሻ፣ ጦር፣ ተወጥሮ የተቸነከረ የበሬ ቁርበትና ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የወላይታ የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛ፣ ተሰቅሏል። ከሥሩ ትንንሽ መብራቶች አድርገውለት ከሩቅ ያበራል። የሙሽራው ወገኖች እየተፈራረቁ ከፊቱ ይቆሙና ፎቶ ይነሳሉ፤ ደግሞም ያምር ነበር፣ አልዋሽም። እኔ ግን ክትፎው ሳይቀርብ ወንበር ቀየርኩ። ፊቴን ባዞርለት ምግቡ አልወርድ ሊለኝ ነው፤ ጀርባዬን ብሰጠው ደግሞ ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ለሁለተኛ ጊዜ ስነሳ ባልደረባዬ አየችኝና «ዛሬም አልተሻለሽም? ልጄን እስክድር እንኳ ተቀመጪልኝ እንጂ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ መርጋት አይሆንልኝም። ዞናችን ራሱን ችሎ በቆመበት ሰሞን አንድ አዲስ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጥሬ፣ ጋሽ ወልዴ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጋሽ ወልዴ ወላጆቻቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የከተሙ፣ ገበያው አጠገብ ምንጣፍና ፍራሽ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ከሥራ ስመለስ እጄ አርፎ አያውቅም። አልጋውን ዛሬ መስኮት ሥር፣ ነገ በሩ ጀርባ እገፋዋለሁ። ዕቃዬም እርስ በርሱ አይተዋወቅም ነበር። ጫፉን ውሃ ነክቶት ከጋሽ ወልዴ ሱቅ ሳይሸጥ የቀረ፣ ትልቅ ጣዎስ ያለበት ቀይ ምንጣፍ፤ ከሁምቦ የመጣ ጭስ ጭስ የሚል የወተት ቅል፤ ከቦዲቲ ገበያ በጭኔ ላይ አድርጌ ያመጣሁት በርጩማ፤ ጋራዥ ደጃፍ ወድቆ ያገኘሁት የአውቶቡስ መስታወት። ጋሽ ወልዴ በር ላይ ቆመው «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ቤት ነው ወይስ የተገለበጠ አይሱዙ?» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ወደድኩት። አንድ ዓይነት የሆነ ቤት እስከ ዛሬም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል።

እናቴ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። ወንድሞቼ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባና ጅማ ተበትነዋል፤ አባቴ ዳና፣ በዴሳ ከተማ አጠገብ ባለው ቀበሌያችን ያን ትልቅ የሣር ቤት ይዞ ብቻውን ቀረ። ዝናብ በጀመረ ቁጥር እኔ ሶዶ ላይ ሆኜ ጣሪያው አፈሰሰ ይሆን፣ ምድጃው እሳት ጣለ ይሆን፣ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል እያልኩ እገላበጣለሁ። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይባልም። የነገርኩት ቤቴ ሰፊ መሆኑን፣ ቧንቧ ግቢ ውስጥ መግባቱንና ሐኪም ቤት ቅርብ መሆኑን ነው። ሰኔ ላይ ለምኜ አመጣሁት።

መጣ እንጂ አልተቀመጠም። በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ጫፏን ይዞ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ መኪና እንደሚጠብቅ ሰው ይውል ነበር። ቆጮ በአይብ አቀርብለታለሁ፤ ሁለት ጉርሻ ይበላና ጓሮው የተወውን ሥራ ሥር እያሰበ «ቦዬው ተቆፍሮ ይሆን?» ይላል። ምንጣፌን ጨርሶ አይረግጥም፤ ከመኝታው ወደ በሩ ሲሄድ ግድግዳውን ታክኮ ይዞራል። ለምን እንደሆነ ጋሽ ወልዴ ቢጠይቁት ባለችው ጥቂት አማርኛ «ወፉ ቆንጆ ናት፤ ቆንጆ ነገር በእግር አይሆንም» አላቸው። የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ደግሞ የበዴሳው አይሱዙ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ይጠይቀኛል። እንደማይሄድ ያውቃል፤ ግን ይጠይቃል። ከእኔ የባሰ እረፍት የለሽ ሆኖ አገኘሁት፤ ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ ስንንቆራጠጥ ወለሉ ያልቃል እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር።

እንግዲህ መላው ታየኝ። አባቴ እንግድነት የተሰማው ቤቱ የእኔ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ዕቃው ካለበት ይረጋል አልኩ። ሐምሌ ላይ ፈቃድ ወስጄ በዴሳ ወረድኩ። መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር። ሁለት ጊዜ ወርደን አይሱዙውን ገፋን፣ ሦስተኛው ላይ ሾፌሩ ራሱ ተስፋ ቆርጦ እሸት በቆሎ ሊያስጠብስ ሄደ። ከሣሩ ቤት ከአያቴ የወረደውን ጋሻ፣ ጦሩን፣ የሚተኛበትን ቁርበትና ለበዓል የሚለብሰውን ዱንጉዛ ጭኜ ተመለስኩ። እሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሳለ ሰቀልኩት፤ ጋሻውን መሃል፣ ጦሩን አግድም፣ ዱንጉዛውን በመስታወቱ ትይዩ። ከቀዩ ምንጣፍ ጋር እንዴት እንደተስማማ! በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም።

አባቴ ገብቶ ከፊቱ ብዙ ቆመ። «ሁሉንም አመጣሽው?» አለኝ። «ሁሉንም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና በሩ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። የደስታ ዝምታ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

በክረምቱ ቁርበቱ መሽተት ጀመረ፣ ዱንጉዛውም ጫፍ ጫፉን ሻገተ። መስከረም ገብቶ ጊፋታ ሲቃረብ፣ የወላይታ ሰው ሁሉ ለዘመን መለወጫው ቤቱን በሚለቀልቅበትና በሚጠርግበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ከዳሞታ ተራራ ላይ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጣች። ዕቃውን ሁሉ አወረድኩና መንገድ ዳሩ ላይ ያለው አጥር ፀሐይ ስለሚያገኝ እዚያ አሰጣሁት። አባቴ ውስጥ ጋደም ብሏል። እኔማ መቼ ተቀምጬ ልጠብቅ፤ ለበዓሉ ሰሌን ልፈልግ ገበያ ወጣሁ።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ልብሱ፣ ጋሻውና ጦሩ ደጅ ይወጣል፤ ለቀስተኛው እሱን እያየ ያለቅሳል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ በልጅነቴ ስንቱን አይቻለሁ። ከተማ ውስጥ የተሰጣ ዕቃ ግን የተሰጣ ዕቃ ነው ብዬ ነበር።

ሰሌኑን ተሸክሜ ወደ ሰፈሬ ስታጠፍ ለቅሶ ሰማሁ። ሴቶች ደረታቸውን ይደቃሉ፣ የገበያ ጭነት መንገድ ላይ ተበትኗል፣ የአባቴን ስም ይጠራሉ። ትቼው ወጣሁ፣ ብቻውን ሞተ፤ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም። በጉልበቴ ጭቃው ላይ ወደቅሁ። ሰሌኑ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከፊት ሆኖ የሚያለቅሰው ባሳ ነበር፣ የአባቴ ድንበርተኛ። ቦዬ ሊሸጥ መጥቶ አጥሩን ሲያይ ጭነቱን ጥሎ መጮህ ጀመረ፤ ከበዴሳ አብረውት የመጡት ተከተሉት፤ ዳናን የማያውቅ የሰፈር ሰው ሳይቀር ተጨመረ። ጋሽ ወልዴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሱቃቸውን ዘግተው ቆመዋል። ባሳ በወላይትኛ እያዜመ «ቤቴ ሲቃጠል የደረስክልኝ፣ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቆርጠህ የሰጠኸኝ ዳና ሆይ» ይላል።

ይኼኔ ከበሩ በኩል «ባሕር ዛፍ አይደለም፤ ዝግባ ነው የሰጠሁህ» የሚል ድምፅ መጣ።

አባቴ በካፖርቱ በሩ ላይ ቆሟል። ሁለት ሴቶች አማተቡና ወደ መንገዱ ሮጡ። ባሳ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከዚያ መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ እንጃ፤ ሳቁ ግን ከለቅሶው ባሰ። እኔ ብቻ መሳቅ አቃተኝ፤ አባቴ እግር ሥር ተቀምጬ ካፖርቱን ይዤ ተንሰቀሰቅሁ። ጋሽ ወልዴ ከሱቃቸው ምንጣፍ አምጥተው ግቢው ውስጥ ዘረጉ፤ የባሳ ቦዬ ተቀቀለ፣ ዳጣ መጣ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ቁጭ ብሎ በላ። አባቴ መሃላቸው ተቀምጦ እየበላ ማን ምን ብሎ እንዳለቀሰ አንድ በአንድ ያስደግማቸው ነበር። ከውስጥ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

ሰዉ እጁን ሲታጠብ ወደ አጥሩ ሄዶ ዱንጉዛውን ማጠፍ ጀመረ። ተከተልኩት።

«አባዬ፣ በእነሱ አትቀየም፤ ተሳስተው ነው» አልኩት።

«አልተሳሳቱም፤ ዘገዩ እንጂ» አለኝ። «ዕቃዬን ከቤቴ አውጥተሽ ሰው ፊት የሰቀልሽው በሐምሌ ነው። ጠዋት ስነሳ እሱን አይና፣ ሞቼ ይሆን እንዴ እያልኩ ገላዬን እዳስስ ነበር።»

«ቤቱ እንዲያምርልህ ብዬ ነው።»

«አምሯል፤ በጣም አምሯል። እኔ ግን አልሞትኩም፣ ልጄ።»

በዚያው ቀን አይሱዙ ላይ ከባሳ ጋር ወጣ፤ ጋሻውን ራሱ ይዞ። እንዲቀር አልለመንኩትም፤ መኪናው ገበያውን እስኪያልፍ ቆሜ አየሁና ገብቼ አልጋውን ገፋሁ። ለጊፋታ ስሄድ በሸሚዝ ሆኖ ከጥጃ ጋር ሲታገል አገኘሁት። ዕቃው በየቦታው ተመልሷል። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። እውነተኛው ቀን ሲመጣ ዕቃውን ደጅ ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ባሳም ያን ቀን ዝግባ ብሎ አለቀሰ።

አሁንም ክፉ አድርጌ ነበር አልልም። ሰው የሚወደውን ሰው አጠገቡ ለማስቀመጥ በእጁ ያለውን ያደርጋል፤ የእኔ እጅ የሚያውቀው ቤት ማስጌጥ ነው። ዛሬ እኔው በተራዬ ሶዶ ላይ ብቻዬን ነኝ፤ ባሌን ከቀበርኩ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ከሰርጉ በማግሥቱ ልጄ ከሐዋሳ ደወለች። ክፍል አሳምራልኛለች፤ ዕቃዬን የሚጭን መኪና ልትልክ ነው።

«እኔ እመጣለሁ፤ ዕቃው ግን እዚሁ ይቆይ። ስሞት የፈለግሽበት ስቀዪው» አልኳት።

ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «እማዬ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር አንቺን እያሰብኩ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለችኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ከክፍል ክፍል ተመላለስኩ። ያን ጊዜ እኔ ለአባቴ ይህን አላልኩትም፤ ስላላልኩት አያውቅም ብዬ ነበር። አሁን ሲገባኝ ያውቅ ነበር። አውቆ ነው የሄደው።