የክፍል ጓደኛው ልጅ

ገብረመድኅንን ለንደን ብሪክስተን ውስጥ የሚያውቁት ሐበሾች ሁሉ «አምባሳደሩ» ይሉታል። ሹመቱን የሰጡት ለሹፈት ነው። ሰውዬው የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ እጁ ከግሪስ አይጠራም፣ አፉ ደግሞ ከውጭ ጉዳይ አይወጣም። የአገር ቤት ወሬ ሲነሳ ዝም ይላል። ዩክሬን ሲባል ግን ወንበሩ ይቆረቁረዋል፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ያዘዘው ሻይ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል።

ነገሩ የጀመረው እንግሊዞች በፈረንጆቹ 2005 ምርጫቸውን በጨረሱበት ሰሞን ነው። በዚያ ዓመት ዩክሬን እንግሊዞች ያለ ቪዛ እንዲገቡ ፈቀደች፤ እንግሊዝ ግን ዩክሬናውያንን ቪዛ መጠየቋን አልተወችም። ገብረመድኅን ይህን ሲሰማ ለሰፈሩ የፓርላማ ተወካይ ደብዳቤ ጻፈ። እነሱ በራቸውን ከከፈቱ እኛስ ምን ይዞን ነው አለ። የመጣለት መልስ ሁለት አንቀጽ ሙሉ ትሕትና ነበር። በ2008 ሩሲያ ጆርጂያ ስትገባ ጻፈ። በ2014 ክሪሚያ ስትወሰድም ጻፈ፤ ማዕቀቡን ተዉትና ለሰው በር ክፈቱ ብሎ። እንግሊዝኛውን የምታርምለት ሚስቱ ኂሩት ነበረች።

«ምን አገባህ አንተ? ዩክሬን የአክስትህ አገር ናት?» ትለዋለች።

«የተማርኩበት አገር ነው» ይላል፤ ዓይኑን ግን ከወረቀቱ አያነሳም።

ውሸቱን አልነበረም። በሶቪየት ዘመን ማብቂያ ካርኮቭ ተምሯል። ያልተናገረው እዚያ ከአንዲት የክፍል ጓደኛው ጋር ሴት ልጅ መውለዱን ነው። በ1991 ለንደን ሲገባ እናትና ልጅን በዓመቱ ላስመጣ ብሎ ምሎ ነበር። ጥገኝነት ሊጠይቅ ሲል ግን ቀድሞት የመጣው ወዳጁ ደምመላሽ መከረው። «ኬስህን አታወሳስብ። እዚያ ቤተሰብ አለኝ ካልክ ወደዚያው ይመልሱሃል። ላጤ ነኝ በል፣ በኋላ ይስተካከላል።» በዚያ ዘመን ይህን ምክር ያልሰማ ስደተኛ ጥቂት ነው። ገብረመድኅን ልጅ የለኝም ብሎ ፈረመ። ያ «በኋላ» ሳይመጣ ኂሩትን አገባ፣ ባርኮትን ወለዱ፣ ውሸቱም እንደ ቤት ዕቃ ተለመደ። የእንግሊዝ ፓስፖርት ከያዘ ወዲያ ዩክሬን ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም ነበር። ያልሄደው አፍሮ ነው። በመጨረሻ በኢንተርኔት ፈልጋ ያገኘችው ልጁ ኦክሳና ራሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት ከጋራዡ ጀርባ ቆሞ በሩሲያኛ ያወራታል።

በ2022 ጦርነቱ ካርኮቭ ደረሰ። እናቷ ቀደም ብላ ሞታ ነበርና ኦክሳና ብቻዋን ሸሽታ ዋርሶ ገባች። የአውሮፓ ጎረቤቶች ያለ ቪዛ ሲቀበሉ እንግሊዝ እንደ ልማዷ ፎርም አቀረበች። መንገዱ ሁለት ነበር፤ አንዱ እዚህ ዘመድ ላላቸው፣ ሌላው ባዶ ክፍል ያለው ማንም ሰው እንግዳ የሚቀበልበት። በመጀመሪያው ከሄደ የድሮው ፋይሉም የኂሩትም ፊት ይጠብቁታል። ሁለተኛውን መረጠ። ለኂሩት «የክፍል ጓደኛዬ ልጅ ናት፣ ተቸግራለች» አላት። ይኸም ቢሆን ውሸት አልነበረም፤ ክፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ኂሩት ሁለት ጊዜ አልጠየቀችም። ባርኮት ክላፋም ሰፈር ተከራይታ ስለወጣች ክፍሏ ባዶ ነበር። አንሶላ ቀየረች፣ መስኮት ወለወለች፣ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ይዛ ወጥ ቤት ተቀመጠች። «ና፣ አፕላይ እናድርግላት።»

ደግነቷ አንጀቱን በላው። ምነው በተቆጣች ብሎ ተመኘ። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ተመላለሰ።

«ኧረ ቁጭ በል፣ አዞርከኝ እኮ!»

ስልኩ ጮኸ። ኦክሳና ናት።

«ምናልባት ከጠየቁኝ መልሳችን አንድ መሆን አለበት» አለችው በሩሲያኛ። «ኦክሳና ገብረመድኅኖቭና ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ስም ስናገር፣ ይሄ ሰው ማን ነው ይሉኛል። አሁንስ ምን ልበል? ፎርሙ ላይ ምንህ ነኝ?»

እዚያ አገርም እንደ እኛው የአባት ስም ከልጅ ስም ይከተላል። እሱ ጥሏት ሲሄድ እሷ ስሙን ይዛ ቀርታለች። ኂሩት ሩሲያኛ አትሰማም፤ የፈለገውን መልሶ መዝጋት ይችል ነበር። «ቆይ፣ አትዝጊው» አለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከእንግዳዋ ጋር ያለህ ግንኙነት ይላል» አለች ኂሩት ከስክሪኑ ላይ እያነበበች። «የክፍል ጓደኛ ልጅ ብዬ ልሙላው?»

«ልጄ ናት።»

«ማን?»

«ኦክሳና። ከአንቺ በፊት የወለድኳት። እዚህ አገር ስገባ ልጅ የለኝም ብዬ ፈረምኩ። ላንቺም እንደዚያው።»

ኂሩት እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

«እነዚያ ደብዳቤዎች» አለች። «አሥራ ሰባት ዓመት በዚህ እጄ ያረምኳቸው። ለማታውቀው የፓርላማ ሰው ያን ሁሉ ስትጽፍ፣ ለእኔ አንድ መስመር አቃተህ?»

ገብረመድኅን አለቀሰ። እሷም አለቀሰች፣ የእሷ ግን የንዴት ነበር። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ፎርሙን ዘግታ ሌላኛውን፣ የዘመዱን ከፈተች። ላፕቶፑን ወደ እሱ ገፋችው። «ይሄን ራስህ ሙላ። እንግሊዝኛህንም አላርምልህም።»

በጠቆረ ጣቱ አንድ በአንድ እየለቀመ ዝምድና በሚለው ቦታ «ልጅ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ስልኩን አነሳ። «ልጄ ብዬ ጽፌሻለሁ» አላት።

ኂሩት ጀርባዋን ሰጥታው በሩ ላይ ቆማለች። «ምን አለች?»

«ምንም። እያለቀሰች ነው።»

«በቃ፣ አታስለቅሳት። መቼ እንደምትመጣ ጠይቃት።»