አራስ ቤት ያልገባው ሰዓሊ

ባሌ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር። ከጎጃም ይዞኝ ዲላ የወረደው በጃንሆይ ዘመን ነው፤ አንድ ደብር መቅደሱን እንዲስል ጠርቶት። ሥራ ላይ ሲሆን ሌላ ሰው ነበር። ይጾማል፣ ለብቻው ይተኛል፣ ሳያማትብ ብሩሽ አይነካም። የሥላሴን ፊት ሲስልማ ጫማውን አውልቆ፣ ትንፋሹ ሥዕሉን እንዳይነካ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ነው። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ እግዚአብሔርን የሚፈራ ባል ሰጠሽ!» ይለኝ ነበር። እኔም እኮራ ነበር፣ ምን ይደረግ።

ንግሡ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሴት ልጅ ወለድኩ። በእኛ ሥርዓት ካህን መጥቶ ጸበል እስኪረጭ ድረስ አራስ ቤት የገባ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ካህኑ ደግሞ «የበዓሉ ዝግጅት ፋታ ነሥቶኛል፣ ከንግሡ በኋላ እመጣለሁ» ብለው ላኩ። ሥዕሉ ለንግሡ መድረስ አለበት፤ ባሌ ቤት ከገባ ደግሞ ሥዕሉ መቅረቱ ነው። ስለዚህ አልገባም። ጎረቤት እያደረ ጠዋት ጠዋት በራፍ ላይ ቆሞ «እንዴት አደራችሁ?» ይላል። «ደህና» እላለሁ ከውስጥ፣ እየተቃጠልኩ።

ከዚያ ልጅቷ ጡት እምቢ አለች። ሰውነቷ እሳት ሆነ። ያረሰችኝ ጎረቤቴ የጌዴኦ ሴት ናት፤ ሚሲዮን ጸሎት ቤት የምትሄድ፣ የእኛ ሥርዓት ጨርሶ የማይገባት። የቡላውን ገንፎ በእጇ እንደያዘች ወጥታ ጮኸችበት።

«አንተ ሰውዬ! ልጅህ እየሞተች ነው! ገብተህ እያት እንጂ! እግዜር ልጅ የሰጠህ በር ላይ እንድትቆም ነው?»

ዝናቡ እየወረደበት «የሥላሴን ዓይን ጀምሬዋለሁ» አላት። «አሁን ብገባ ማን ይጨርሰዋል?»

እኔ ከመደቡ ላይ ሆኜ «ግባ! ስለ እመብርሃን ግባ! አንድ ጊዜ እያት!» ብዬ ለመንኩት። ሲሄድ ሰማሁት። ካህን ጠርቶ ክርስትና ሊያስነሳት መስሎኝ ነበር። ለካ ዓይኑን ሊጨርስ ኖሯል!

ከሰዓት በኋላ አረፈች። ክርስትና ስላልተነሳች ደብሩ ግቢ አትቀበርም። የጎረቤቴ ባል ጓሮው ከእንሰቱ ሥር ቆፈረላት። በነጠላ ተጠቅልላ ስትወጣ አባቷ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አለቀሰ። ፊቷን አላየም።

ንግሡ አማረ አሉ። ከወናጎ ድረስ የመጣ ሰው ሥዕሉን እያየ መሬት ሳመ አሉ። ይህን የነገሩኝ ሊያጽናኑኝ ነው እንግዲህ!

ሴት የወለደች እናት ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ልጅቷ ብትሞትም ያው ነው። ቀኔ ሲሞላ ሄድኩ። ልሳደብ ነበር የሄድኩት፣ እውነቱን ልናገር። ግን ቀና ብዬ ሥላሴን አየሁ። እንደዚያ ያለ ዓይን የሰው እጅ ይሠራዋል ብዬ አላስብም ነበር። በባሌ እንደተናደድኩ ሰገድኩ።

እሱ መሰላሉ ሥር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከዙፋኑ ግርጌ ትናንሽ መላእክት ስሏል፤ የአንዷ ፊት ባዶ ነው።

«ይህችን ለእሷ ነው የተውኳት» አለኝ በሹክሹክታ። «ማንን ነበር የምትመስለው? ንገሪኝና ልሳላት።»

ልዋሸው እችል ነበር። ግን አልዋሸሁትም።

«ቁርጥ አንተን» አልኩት። «ግንባሯ፣ አገጯ፣ ሁለ ነገሯ አንተን ነበር።»

ቀለም የነካ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

«የእኔን መልክማ መቅደስ ላይ አልስልም» አለ። «እግዚኦ! በምን ድፍረት?»

ብሩሹን አጥቦ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያንን ባዶ ፊት ማንም አልነካውም። ልጄ እዚያ ግድግዳ ላይ ክንፍ ብቻ ናት።