የተክለጻድቅ የወፍ በሽታ

እህቴ በለጡ ያገባችው ሰው፣ ጣራ ላይ መውጣቱን ቢተው ኖሮ፣ ደህና ሰው ነበር።

ተክለጻድቅ ከጀጎል ግንብ ውጭ ፎቶ ቤት ነበረው። እንጀራ የሚያበላው በሦስት እግሩ የቆመው ትልቁ ካሜራ ነው፤ ለመታወቂያ ጉርድ፣ ለሙሽሮች ሙሉ ቁመት ያነሳበታል። ከዚያ ሌላ አንድ ግሪክ አገሩ ሲመለስ የሸጠለት ትንሽ ካሜራ ነበረችው። በእሷ የሚያነሳው ወፍ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሐኪም ከሚባለው ጋራ ሥር ካለው ቤታቸው ቆርቆሮ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ድንቢጥ ጭራሮ ስታመላልስ ያያል። ደንበኛው ከተዘጋ በር ፊት ፀሐይ ይመታዋል። «ኧረ ሙሽሮች እየጠበቁህ ነው» ስለው፣ «ሙሽራ የት ይሄዳል? ጭልፊት ግን ክንፍ አለው» ብሎኛል። የሰፈሩ ሰው ፎቶ አንሺ ማለቱን ትቶ ጥንብ አንሳ ይለው ነበር። ሲያንሰው ነው።

ቋንቋችንም አላገዘውም። አንድ ጊዜ ሶፊ የሚባል ገጠር ሄዶ፣ ሙሜ የሚባል ገበሬ ማሽላ ላይ ወፍ ተጨናንቆ ቢያይ «ወፎቹን ላንሳቸው?» ብሎ ጠየቀ። ሙሜ አማርኛ የለመደው በከተማ ገበያ ነው። ወፍ የሚያነሳለት ሰው ደጁ ድረስ መጥቶለት እምቢ ይላል? «ወላሂ፣ አላህ ነው የላከህ! አንሳልኝ!» አለና ማማ ላይ ሆነው ወፍ የሚጠብቁትን ሁሉ ወደ ቤት ሰደደ። ለእንግዳውም ምርጥ ጫቱን ቀጥፎ ሰጠው። ማታ ሲመለስ ወፎቹ እዚያው ናቸው፤ ጠግበው መብረር አቅቷቸዋል።

«አነሳሃቸው?» አለ ሙሜ።

«አንድም አልቀረኝ!»

«ታዲያ እነዚህ የማን ናቸው፣ ያ ረቢ?»

በ1957 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል የተክለጻድቅ ዓይን ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ «ጉበት ነው፤ ተኛ፤ ቅባት አትብላ» አለ። ሐኪሙን ማን ሰምቶት! ይህ በሽታ ባገራችን ስሙ የወፍ በሽታ ነው፤ ሰፈራችን ደግሞ ስም ካገኘ ሌላ ምርመራ አያሻውም። ጎረቤታችን እማማ ለተማርያም አልጋው አጠገብ ተቀምጠው «ወፎቹ ብድራቸውን መለሱ» ብለው ፈረዱ። ሌላዋ ሴት፣ የሚያሲዘው የሌሊት ወፍ እንጂ የቀን ወፍ አይደለም ብላ ተከራከረች። በሽተኛው ከብርድ ልብሱ ሥር ራሱን ብቅ አድርጎ «የሌሊት ወፍ አንስቼ አላውቅም፤ ብርሃን አይበቃም» አለ።

በለጡ አልሳቀችም። ባሏ ከቀን ወደ ቀን እየከሳ ነበር፤ ፈርታለች። ለቁልቢው ገብርኤል እንዳትሳል ንግሡ ታኅሣሥ ነው፤ እስከዚያ ሰውዬው ባይቆይስ? የሰፈራችን የአቦ ንግሥ ግን ጥቅምት አምስት ነው። «አቡዬ፣ ባሌን አድንልኝ፤ ያቺን የወፍ ካሜራ ለደጅህ አገባለሁ» ብላ ተሳለች። የካሜራዋን ባለቤት አላማከረችም።

ዳነ። ለመስቀል ዓይኑ ነጣ፣ ጉልበቱም ተመለሰ። ካሜራዋ ግን በበለጡ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባት ቀኗን ትጠብቃለች፤ ስለት ቀልድ የለውም። ተክለጻድቅ ፎቶ ቤቱን በሰዓቱ መክፈት ጀመረ። ሙሽራ አላስጠበቀም፤ ጣራም አልወጣም። ወፍ ሲጮህ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስንት ዓመት የተመኘሁለት ጠባይ ይኸው መጣ፤ ሳየው ግን አንጀቴን በላው። በለጡም «ከሞት ያስመለስኩት ሰውዬ ይሄ ነው እንዴ?» አለችኝ።

የንግሡ ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ የስለቱ ዕቃ እንደ ልማዱ ለጨረታ ቀረበ። ጃንጥላው፣ ምንጣፉ፣ በጎቹ ተሸጡና ካሜራዋ ላይ ተደረሰ። መሪጌታ ሀብተወልድ ገልብጠው ይዘዋት «በረከት ያላት ናት!» እያሉ ያሻሽጣሉ። የመጀመሪያውን ዋጋ የጠሩት አቶ አሰፋ ናቸው። ግቢያቸው ከነተክለጻድቅ ጣራ ሥር ስለሆነ፣ ሴቶች ልጆቼን ያይብኛል እያሉ ስሙን ሲያጠፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ተክለጻድቅ እንኳን የሳቸውን ልጆች፣ ግራር ላይ ወፍ ካለ ንግሥተ ሳባ ብታልፍም አያይም። «ገዝቼ ሽንት ቤት ነው የምጨምራት» አሉ፣ እሱ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እሱ ቅጥሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ሕመሙ ኪሱን አራቁቶታል። እኔም ኪሴን ዳበስኩ፤ ከመሐረብ በቀር ምንም የለም።

በለጡን በዓይኔ ፈለግኳት። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ የአቡዬን ሥዕል አፍጥጣ ታያለች። ሥዕሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግራና ቀኝ አንበሳና ነብር፣ ፊቱ ላይ ደግሞ የተጠማች ወፍ ከዓይኑ እንባ ስትጠጣ። እህቴ በሰማይ ካሉት ጻድቃን ሁሉ መርጣ፣ ባሏን ከወፍ እንዲያላቅቅላት የለመነችው ወፍ ወዳዱን ኖሯል!

ከሰዉ መሀል ገብታ የመቀነቷን ቋጠሮ ፈታች። ባሏ በደረቱ ሲሳብ ያበሳሳውን ቆርቆሮ ልታስለውጥ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው። አቶ አሰፋ ጨመሩ፣ ጨመረች፤ ጨመሩ፣ ጨመረች። በመጨረሻ አቶ አሰፋ በገንዘብ ምትክ ንግግር ጀመሩ።

«አንቺው ሰጥተሽ አንቺው ትገዢያለሽ? አቦን ልታታልዪ ነው?»

«የተሳልኩትን አግብቻለሁ፤ ዋጋዋንም ይኸው ለደጁ እየከፈልኩ ነው» አለች በለጡ። «አቡዬ ለወፍ ዓይኑን ሰጠ፣ አቶ አሰፋ። የኔ ባል ዓይኑን ቢሰጥ እርስዎን ምን አቃጠለዎት?»

አቶ አሰፋ ገንዘባቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። መሪጌታ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጋርደው «ለወይዘሮ በለጡ!» አሉ።

ካሜራዋን ተቀብላ ሄደችና ባሏ ደረት ላይ ለጠፈችው።

«እንካ። ሁለተኛ ብትታመም ግን ለአቡዬ የምሳለው አንተኑ ነው፤ ያን ጊዜ ጨረታው ውስጥ የለሁበትም።»

ተክለጻድቅ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሲስቅ ሲስቅ እንባው መጣ። በለጡ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።