ጥቁሯን ፍሬ ስፈልግ

እናቴ ጅማ አጠገብ ባለችው ሰርቦ፣ በአንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ሥራዋ ከደህናው ቡና መሃል ጥቁሩንና የተበላሸውን ፍሬ መልቀም ነው። አምስት ዓመቴ ነበር፤ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ አጠገቧ አስቀምጣ «ጥቁሩን ብቻ ልቀሚ፤ ድንጋይ ካገኘሽ ቆርቆሮው ውስጥ ጣይው» አለችኝ። እኔ ግን ከጥቁሩ ፍሬ በቀር ሁሉም ነገር ይታየኝ ነበር። የፍየል ጆሮ የመሰለ ፍሬ፣ የጆንያ ክር፣ የደረቀች ንብ። እሷ ከጎኗ ካለችው ሴት ጋር እያወራች ጣቶቿ ብቻቸውን ጥቁር ጥቁሩን ያነሳሉ። እንዴት እንደምታየው ይገርመኝ ነበር፤ እስካሁንም ይገርመኛል።

አንድ ቀን የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ጠፋ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከስታ ስለነበር ሰፍቷት ነበር። ከእሱ የቀራትም ያ ቀለበት ብቻ ነው። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ክምሩን በእጃቸው ፈተሹት፣ በወንፊት ነፉት፤ የለም። «ቀለበት አይተሻል?» እያሉ በየተራ ጠየቁኝ። አላየሁም አልኩ፤ ከልቤ ነው። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ስታለቅስ በጣም ፈራሁ።

ያኔ ከለቃሚዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሙስሊም ጎረቤታችን «ኮቱ፣ ነይ የኔ እናት» ብለው ኦሮምኛውን ከአማርኛው እየቀላቀሉ ጭናቸው ላይ አስቀመጡኝ። «ቀለበቱን ተይው። ዛሬ ምን ምን አየሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ። የፍየል ጆሮውን ነገርኳቸው፣ ንቧን ነገርኳቸው፣ ከዚያ ደግሞ መሃሉ ላይ አንድ ፍሬ የተቀመጠበት፣ አቧራ የለበሰ ክብ ነገር። ጥቁር አይደለም፣ ቡናም አይደለም፤ ስለዚህ ከድንጋዮቹ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ ጥዬዋለሁ። ለእኔ ቀለበት ማለት እናቴ ጣት ላይ ያለው ነበር።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ቆርቆሮውን ገለበጡት። ያ ቀለበት በስንት ለቃሚ ፊት አልፎ ነበር፤ ሁሉም የሚፈልጉት ጥቁሩን ስለነበር ማንም አላየውም።

ዛሬ እኔ ጅማ ውስጥ የቡና ጥራት መርማሪ ነኝ። ናሙናው ትሪ ላይ ሲዘረጋ እንከኑ ራሱ ዘሎ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። እውነቱን ለመናገር እኮራበታለሁ። ይህ ዓይን መቼ እንደመጣልኝ ግን አላውቅም፤ ያኛው የልጅነት ዓይኔ መቼ እንደሄደም እንዲሁ። የፍየል ጆሮ የመሰለ ፍሬ ካየሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ከቡናው ውስጥ ጠፍቶ ነው? አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት የአምስት ዓመቷ ልጄ አስተማሪ «ሐሳቧ ይበተናል፣ ፊደሉ ላይ አታተኩርም» ብላ መልእክት ላከችብኝ። ከሥራ እንደገባሁ ደብተሯን ዘረጋሁ። «ይሄ ተሳስቷል፣ ይሄም፤ ኧረ እዪው እንጂ! ልብሽ የት ሄዶ ነው?» ልጄ አንገቷን ደፋች። ባጃጅ ውስጥ ገብተን እስክንወርድ አፏ የማይዘጋ ልጅ ነበረች፤ ዝም ማለት የጀመረችው መቼ ይሆን? ጨነቀኝ። ያኔ ጎረቤታችን ትዝ አሉኝና ደብተሩን ትቼ «የኔ ልጅ፣ ዛሬ ምን ምን አየሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንድ መብራት ብቻ ያለው ባጃጅ፣ ዣንጥላ ሥር የቆመ ውሻ... ከዚያ ደግሞ አንቺን።»

«እኔን? ምን ሳደርግ?»

ሁለት ጣቶቿን አገጣጥማ ደብተሩ ላይ ያሉትን ፊደሎች ለቀም፣ ጣል፤ ለቀም፣ ጣል አደረገች።

«እንዲህ ስታደርጊ» አለችኝ።