ፊቷን የለጠፍሁበት ገጽ

ደባርቅ ኮምፒውተር ማስተማር በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ፈለጉኝ። ከተማው ሁሉ ሲስተር እያለ ነው የሚጠራቸው። ከመናኸሪያው ጀርባ ግቢ ተከራይተው፣ ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ከተራራው ሥር ካሉ መንደሮች የሚመጡ ልጃገረዶችን ያሳድራሉ፣ ያበላሉ፣ ያስጠናሉ። ከተማ ውስጥ ዘመድ የሌላት ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ ስትኖር ምን ሊደርስባት እንደሚችል በነርስነታቸው ዘመን ብዙ አይተዋል።

«ድረ ገጽ አለን» አሉኝ። «ግን እኔ ራሴ ሳነበው ምን እንደምንሠራ አይገባኝም።»

ሳቅሁ። ከፍቼ ሳየው ግን እውነታቸውን ነበር። መግቢያው ላይ «ሁለንተናዊና ዘላቂ ለውጥ» የሚል ረጅም ዓረፍተ ነገር አለ። ከሥሩ የምትስቅ ሕፃን ፎቶ አለ፤ ልጅቷን ሲስተርም አያውቋት፣ ሥራውን የሚያግዙት የኮሚቴ አባላትም አያውቋት። ከኢንተርኔት የተወሰደች ናት። «ይደግፉ» የሚለው ቁልፍ ሲጫኑት የትም አያደርስም። እንዲህ ያለ ገጽ አይቶ እጁን የሚዘረጋ ሰው ቢኖር ራሱ ያስገርም ነበር።

ሥራውን በነፃ ልሠራላቸው ቃል ገባሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ለሲስተር ብዬ ብቻ አልነበረም። አንድ ነገር አሳምሬ መሥራት እንደምችል ለራሴ ማሳየት አምሮኝ ነበር። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር አውጥቼ «ለትምህርት ወደ ደባርቅ ለሚመጡ የገጠር ልጃገረዶች መኝታ፣ ምግብና የማጥኛ ቦታ እንሰጣለን» ብዬ ጻፍሁ። ቁልፉን አስተካከልሁ። የግቢውን፣ የአልጋዎቹን፣ የወጥ ቤቱን ፎቶ አነሣሁ። ሰው እንዲያምነን ካስፈለገ መጥቶ ማየት መቻል አለበት ብዬ ካርታ ለጠፍሁ፤ ከካርታውም ሥር «ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ብዬ ጨመርሁበት።

የቀረው የልጆቹ ታሪክ ነበር። ውጭ አገር የሚኖር አንድ የኮሚቴ አባል ስልክ በደወለ ቁጥር «ፊት አሳዩ። ሰው የሚረዳው ፊት ሲያይ ነው» ይል ነበር። እኔም እንደዚያው አምን ነበር። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ አሰብሁ። በዚያው ዓመት አሥራ ስምንት የሞላት፣ ጎበዝ፣ ሲናገሯት ዓይን ዓይን የምታይ ልጅ ናት። ከደረስጌ ወዲያ ካለ መንደር ነው የመጣችው። ሊድሯት ቀን ተቆርጦ፣ ጠላው ተጠምቆ ሳለ ነው ውኃ ልቀዳ ብላ ወጥታ በዚያው የቀረችው። ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ደባርቅ ገባች።

«ፊትሽን ልሸፍነው ወይስ ይታይ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ይታይ፣ ቲቸር። ምን አጥፍቼ ነው የምደበቀው?»

ይህን ስትል ኮራሁባት። ሲስተር ግን ፎቶውን ስክሪኑ ላይ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ይሄን ማን ማን ያየዋል?» አሉ። «ለጋሾች ናቸዋ» አልኋቸው። ሌላ ቃል አልተናገሩም። እኔም ዝምታቸውን እንደ እሺታ ቆጠርሁት።

ገጹ በተከፈተ በወሩ ድጋፍ ይመጣ ጀመር። አዲስ ፍራሽ ተገዛ። ሰዎች የልጅቷን ፎቶ እየተቀባበሉ አዳረሱት፤ እኔም ያንን እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዳባት የመምህራን ሥልጠና ላይ ውዬ ከሰዓት በኋላ ወደ ደባርቅ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጋቢ ለብሷል፣ የፕላስቲክ ጫማ አድርጓል፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሟል። ቀኝ እጁ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ። ዳባትን ወጥተን የገብሱ ማሳ ሲጀምር ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና ዘረጋው።

የሠራሁት ገጽ ነበር። በቀለም ታትሟል። ልጅቷ ከወረቀቱ ላይ ቀጥ ብላ ታየኛለች።

«እህቴ፣ ማንበብ የምትችይ ትመስያለሽ» አለኝ በትሕትና። ጣቱን ካርታው ላይ አደረገ። «ይሄ ቤት ደባርቅ የት ላይ ነው የሚገኝ?»

«ምን... ምን ፈልገህ ነው?» አልሁት።

«ልጅቷን ነዋ። ጎንደር የቀን ሥራ ላይ ሳለሁ የአጎቴ ልጅ በስልክ አሳየኝ። ይሄው አሳትሜ መጣሁ።»

እንዴት ታውቃታለህ ብዬ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። አልጠየቅሁትም። መልሱን ፈራሁት። ዱላውን አየሁ፣ እጁን አየሁ፤ ጋቢው ሥር ሌላ ነገር ይኖር ይሆን ብዬም አሰብሁ። «ከላይ ነው፣ ከከተማው ወጥቶ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ላይ። በእግር ሩቅ ነው» አልሁት።

ከፊታችን የተቀመጠች ሽንኩርት ነጋዴ ዞር ብላ ወረቀቱን አየችው። «ኧረ አይደለም!» አለች። «ይሄማ የሲስተር ቤት ነው። ከመናኸሪያው ኋላ፣ ሰማያዊ በር ያለው! እንደወረድህ እኔ አሳይሃለሁ።»

ሰውየው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። አየኝና ወረቀቱን በእጥፉ መልሶ አጠፈው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። መንገድ ላይ ያለችው ወቅን ስንደርስ ለፍተሻ ውረዱ ተባልን። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ቆምን። ጋቢውን ሲያራግፉለት ምንም አልተገኘበትም። ለፈታሾቹ ልናገር ብዬ ሁለት እርምጃ ሄድሁና ቆምሁ። ምን ብዬ? ሰውየው ምን አደረገ? ወረቀቱን የሠራሁት እኔ፣ አድራሻውን የጻፍሁት እኔ፣ የዋሸሁትም እኔ። ደግሞ በእኔ ቃል ብቻ ይዘው ቢደበድቡትስ? ተመልሼ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ያን ያህል ረጅም ሆኖብኝ አያውቅም።

ደባርቅ መግቢያ ላይ ኔትወርክ መጣ። ሰውየው እየሰማኝ መደወል ስላልፈለግሁ ከተማው ሳይጀምር «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ለሲስተር ደወልሁ። «በሩን ይዝጉ፣ ልጅቷን አያውጧት» አልኋቸው። ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም።

ስገባ ልጅቷ ማጥኛው ክፍል ውስጥ ቆማ ነበር፤ እርሳስ እንደያዘች። የሆነውን ነገርኋት። ስለ ፊቱ ጠየቀችኝ፤ ስለ ቁመቱም። እጁ ላይ ስላለው ጠባሳ ስነግራት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ወንድሜ ነው» አለች። «ማጭድ ነው የቆረጠው። እሱ አይመታኝም፣ ቲቸር። እሱን ተከትሎ የሚመጣውን ነው የምፈራው።»

በሩ ተንኳኳ። ሌሎቹ ልጆች አንዷ የሌላዋን እጅ ያዙ። ሲስተር ነጠላቸውን አስተካክለው ራሳቸው ሄደው ከፈቱ፤ እኔ ከኋላቸው ቆምሁ። ሰውየው እኔን ሲያይ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ ያፈረው እሱ ሆነ።

«እንደምን ዋሉ፣ እናቴ» አለ። «ክፉ ይዤ አልመጣሁም። ያችን ልጅ ገደል ገብታለች ብለን ለቅሶ ተቀምጠናል። አርባዋን አውጥተናል። እናታችን ያን ጊዜ የለበሰችውን ከል እስከ ዛሬ አላወለቀችም። አንድ ጊዜ ልያት። በሕይወት መኖሯን በዓይኔ አይቼ ልንገራት።»

ሲስተር ዱላውን ተቀብለው ከበሩ ውጭ አስደገፉት። «መውጣት አለመውጣት የእሷ ነው» አሉት። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ለመውጣት ብዙ ቆየች። ስትወጣ ሳይነሣ ቀና ብሎ አያትና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እሷ መጥታ ከጎኑ ቆመች፤ መጀመሪያ አልነካችውም።

«በቁምሽ ተለቀሰልሽ እኮ» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። «እንዲያ እንዲሆን አልፈለግሁም።»

«እንድወስድሽ አይደለም የመጣሁት። እኔ አልወስድሽም።» ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋላት። «እኔ ካገኘሁሽ የሙሽራው ወገኖችም ያገኙሻል። የአጎታችን ልጅ ስልኩን ለእነሱም አሳይቷቸዋል። ሽማግሌ ፊት ተዋርደናል ብለው ዝተዋል። ይሄን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ያን ጊዜ ማንም ወደ እኔ አላየም፤ ማንም አልወቀሰኝም። እኔ ግን ወረቀቱ ላይ «ሰማያዊ በር» ብዬ የጻፍሁትን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

ወዲያው ትምህርት ቤት ሄድሁ። የኮምፒውተር ክፍሉን ከፍቼ ገጹን ላጠፋ ብቀመጥ ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ አስቸገረኝ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ትዞራለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትዞራለች። በመጨረሻ ፎቶው ጠፋ፤ ታሪኩ ጠፋ፤ ካርታው ጠፋ። ተንፈስ ልል ስል እስቲ ልፈልገው ብዬ ፈለግሁት። በማላውቃቸው ሰዎች ገጽ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት፤ አንዱ ላይ የመንደሯ ስም ሳይቀር ተጽፎበታል። ለእያንዳንዳቸው እንዲያነሡት ለመንሁ። አንዳንዶቹ አነሡልኝ። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬም አልመለሱልኝም።

ሰኞ ከሲስተር ጋር የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮና ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ባለሙያዋ በጥሞና ሰማችን፤ ቃላችንን መዘገበች። «ጥበቃ እናደርጋለን» አለች፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ግን ልጄ ብትሆን ኖሮ እዚህ አላስቀምጣትም» አለችን። ረቡዕ ጠዋት ሲስተር ልጅቷን ይዘው ሄዱ። ወዴት እንደሆነ ለማንም አልተነገረም። ፈተናዋ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ትምህርት ቤቷን፣ ጓደኞቿን፣ የምትተኛበትን አልጋ ያስለቀቅኋት እኔ ነኝ። ስትሰናበተኝ «ፎቶውን እሺ ያልሁት እኔ ነኝ፣ ቲቸር» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። ግን እሺ ስትል ማን ሊያየው እንደሚችል አልነገርኋትም፤ አስቤውም አላውቅም።

በሳምንቱ ሁለት ሰዎች መጡ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚገቡበት ሰዓት ነበር፤ እኔም ግቢ ውስጥ ነበርሁ። በደንብ የለበሱ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ሲስተር «ከዚህ ከሄደች ቆይታለች፤ የት እንዳለች ፖሊስን ጠይቁ» አሏቸው። «እሺ እናታችን፣ እግዜር ይስጥልን» ብለው ከበሩ ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ። ልጆቹ ደብተራቸውን ታቅፈው ሲገቡ የእያንዳንዷን ፊት ተራ በተራ አዩ። ማንንም አልነኩም፤ ማንንም አላናገሩም። የመጨረሻዋ ገብታ በሩ ሲዘጋ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ባይመለሱም፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልጆቹ መናገር ያቆሙ ነበር።

ገጹን እንደገና ሠራሁት። አሁን ፊት የለበትም። ደብተር የያዘ እጅ፣ የተነጠፈ አልጋ፣ የሚፈላ ድስት አለበት። ካርታ የለም፤ መጎብኘት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ለሲስተር ይጽፋል፣ ማንነቱም ይጣራል። ከላይ «የልጆቻችንን ፊትና አድራሻ አናሳይም፤ የመጡበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሊያገኛቸው ይችላልና» የሚል ዓረፍተ ነገር አስቀመጥሁ። ውጭ አገር ያለው የኮሚቴ አባል ደውሎ ተቃወመ። «ሰው አያምነንም» አለ። ስልኩን ሲስተር ከእጄ ተቀበሉና «ልጆቼ ካላመኑኝ የሌላው እምነት ምን ያደርግልኛል?» አሉት። ድጋፉ ለጥቂት ወራት ቀነሰ፤ ሲስተርም ለምግቡ እየዞሩ ለመኑ። ቀስ በቀስ አንዳንዶቹ ተመለሱ። የቀሩም አሉ።

ልጅቷ ፈተናዋን ሌላ ከተማ ተቀምጣ አለፈች። አሁን ነርስነት እየተማረች ነው። ወንድሟ በዓመት አንድ ጊዜ ከእናቷ ጋር በስልክ ያገናኛታል፤ አባቷ እስከ አሁን ድምፅዋን አልሰማም። ለእኔም ትደውልልኛለች፤ በየጊዜው በሌላ ቁጥር። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ብርዱ እናወራለን። የት እንዳለች አትነግረኝም። እኔም አልጠይቃትም።