ላልሞተው አጎቴ የተደረሰ ለቅሶ

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ከአፌ ጫፍ እየመለስኩ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ኖሬያለሁ። አንተ የምታነበኝ ሰው ግን አታውቀኝምና ላንተ መናገሩ ይቀለኛል። አጎቴን ገድያለሁ። በጥይት አይደለም፣ በአፌ ነው፤ ያውም ዳኛ ፊት ቆሜ፣ ያውም ለአንዲት መኪና ማቆሚያ ብዬ።

ቤተሰቤ ጎንደር ነው። እኔ መተማ ዮሐንስ ቤት ተከራይቼ፣ በአይሱዙዬ ጭነት አመላልሳለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ስመኝ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰሊጥ የሚያርሱ ሴት ናቸው። ደጃቸው ላይ የኒም ዛፍ ያጠላባት ቦታ አለች። ጠጠር ያለበሷት ሟች ባላቸው ናቸው፤ ማታ ማታ ልጃቸው የምትነዳው ባጃጅ ያድርባታል። አንድ ቀን ባጃጁ ሳይገባ ቀድሜ አይሱዙዬን ገተርኩባት። በማግስቱም ገተርኩ። ወር ሳይሞላ የራሴ አደረግኳት፤ ባጃጁም አውራ መንገድ ላይ ማደር ጀመረ። እትዬ ስመኝ ለመኑኝ፣ ሽማግሌ ላኩብኝ፤ እኔ የመንግሥት መንገድ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ምንም ወረቀት ሳልይዝ አልለቅም አልኩ። ቢቸግራቸው ከሰሱኝ።

በአንድ ቀን የሚያልቅ ትንሽ ክስ ነበር። እኔ ነኝ ያስረዘምኩት። አንዴ ጠበቃ ልያዝ አልኩ፣ አንዴ ምስክሬ ሱዳን፣ ገላባት ተሻግሯል አልኩ። ሐሳቤ ቀጠሮውን እየገፋሁ የሰሊጥ አጨዳ ላይ መጣል ነበር። ሰሊጥ በሰዓቱ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል፤ በዚያ ሰሞን የቆላ ገበሬ ማሳውን ትቶ ችሎት አይሄድም። ከሳሽ ካልቀረበ ደግሞ መዝገቡ ይዘጋል። ይህን ሁሉ አስቤ ነው ያደረግኩት። ተሳስቼ ነው እንዳልል ምን አፍ አለኝ?

እትዬ ስመኝ ግን በዚያ ሰሞንም ምስክሮቻቸውን አስከትለው፣ ቀሚሳቸው የማሳ አቧራ እንደለበሰ ቀረቡ። ዳኛው ዛሬ እንጨርሰዋለን ሲሉ ደነገጥኩ። ያኔ አጎቴ አርፏል፣ መርዶው ገና አሁን ነው የደረሰኝ፣ መከራከር አልችልም አልኩ። ስሙንም ተገኘ ብዬ ጠራሁት። አያ ተገኘ በዚያች ሰዓት ዳባት ገብሱን እየጎበኘ ነበር። እንደ አባት ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። የምገድለው ሰው አጥቼ ነው?

ቀጠሮ ተሰጠኝና ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ስመኝ ጥቁር ለብሰው፣ የሠፈሩን ሴቶች አስከትለው፣ አይተውት የማያውቁትን ሰው በስሙ እየጠሩ እያለቀሱ መጡ። ግራ ገባኝ።

“እትዬ፣ እኛ እኮ ተካሰናል” አልኳቸው።

“ክሱ ያለ ችሎት ነው ልጄ። ለቅሶ ቤት ምን አመጣው?” አሉኝ።

ንፍሮ ቀቀሉ፣ ምንጣፍ አነጠፉ። ከዘመዱ የራቀ ሐዘንተኛ ብቻውን አይቀመጥም ብለው ሦስቱን ቀን ከቤቴ አልተለዩም። እኔም አለቀስኩ። እንባው እንዴት እንደመጣልኝ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ጠዋት ሳሉጎቹ መጡ። ሳሉግ የምንለው በቆላ እርሻ እየዞረ የሚሠራውን የቀን ሠራተኛ ነው፤ እነዚህን እትዬ ስመኝ ለአጨዳው ከሸሕዲ ያስመጧቸው ናቸው። ለቅሶ ላይ ነኝና ነገ ተነገ ወዲያ ቆዩኝ ሲሏቸው ሰማሁ። በአጨዳ ሰሞን ማን ይቆያል? የአንድ ባለሀብት መኪና እዚያው መንገድ ላይ ጭኗቸው ሄደ። ይህን በዓይኔ አየሁ። ይሂዱ እትዬ፣ የሞተ ሰው የለም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የችሎቱን ውሸት በድንጋጤ ነው ልበል፤ ይህን ዝምታ ግን ምን ልበለው? ንፍሮዬን ቆረጠምኩ።

ሌላ ሠራተኛ ሲፈልጉ ሰሊጡ ረገፈ፤ የዓመት ልፋታቸው ነበር። የቀጠሮው ዕለት እናትና ልጅ ከዋልካው አፈር ስንጥቅ የረገፈውን ሲለቅሙ ዋሉ። እኔ ችሎት ስሜ ሲጠራ አለሁ አልኩ። መዝገቡ ተዘጋ፤ ቦታዋም ለኔ ቀረች።

በዓመቱ አያ ተገኘ ሊጠይቀኝ ወደ ቆላ ወረደ። ደጃፍ ቆመን ሳለ እትዬ ስመኝ መጡ። እሱ ሰው ወዳጅ ነውና እኔን ሳይጠብቅ፣ ተገኘ እባላለሁ፣ አጎቱ ነኝ አለ። አልበቃው ብሎ ያመሰግነኝ ጀመር፤ ይሄ ልጅ እዚህ ከወረደ ጀምሮ ሳምንት ሳይደውልልኝ ቀርቶ አያውቅም አላቸው። እንግዲህ የተሳሳተ መርዶ ነበር የምልበት ቀዳዳም ተዘጋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ ስመኝ አንዴ ብቻ አዩኝ። ከዚያ ትከሻውን ሳሙት።

“እንኳን ደህና መጡ አያ ተገኘ። ዕድሜ ይስጥዎት።”

“ታውቂኛለሽ እንዴ?”

“በጸሎት አውቅዎታለሁ” አሉት።

ሌላ አልጨመሩም። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያ በኋላም አላየሁም። አንዲት ቃል ቢናገሩ አጎቴ ዳግመኛ ዓይኔን አያይም ነበር። ሲሄዱ ሸኘኋቸው። አንገቴን እንደደፋሁ፣ አጎቴ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

“እሰይ፣ ከሰሊጡ ሰው መትረፉ ይሻላል” አሉኝ።

በማግስቱ መኪናዬን ከደጃቸው አነሳሁ። ይህን እንደ ካሣ እንዳትቆጥርልኝ፤ የሰረቅኩትን መለስኩ እንጂ ምን ሰጠሁ? ይቅር በሉኝ ልላቸው ስንቴ ደጃቸው ደርሼ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ። ብጠይቃቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ይቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ይቅርታ የምቀበልበት ፊት እስካሁን አላገኘሁም።